ትንሿ ጀልባ ምን በደለች? ስለ ትሮሊንግ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሲያትልና አካባቢው ያለን ኢትዮጵያውያን ስንቀባበለው የሰነበትን አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው ስለ ትሮሊንግ ነው። ትንሽ ጀልባ በዝግታ እየነዱ፣ ከኋላ ማባበያ እየጎተቱ፣ ትራውትና ሳልመን ስለ ማጥመድ። ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ይጥማል። መደምደሚያቸው ግን ባጭሩ “ይቅርባችሁ” የሚል ነው።

እኔ ይሄን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ። ዘንድሮ ሊጀምሩ ያሰቡ ወዳጆቼ ጽሑፉን አንብበው ሲያመነቱ ሳይ ዝም ማለት ከበደኝ።

በመጀመሪያ ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ትሮሊንግ ችሎታ አይጠይቅም፣ የሚያጠምደው ሞተሩ ነው ይላሉ። ትልቅ ጀልባና ውድ መሣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ባህርና አሳ የኛ ባህል እንዳልሆነም ያነሳሉ። በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትንሽ ጀልባ መውጣት፣ ያውም ቤተሰብ ይዞ፣ ሞትን መጥራት ነው ይላሉ። የአካባቢው አሳ የተበከለ ስለሆነ አይበላም ይላሉ። በመጨረሻም ሳልመን እያለቀ ባለበት ዘመን ትሮሊንግ ጥፋቱን ያባብሳል፣ የተለቀቀው አሳም መሞቱ አይቀርም፣ ስለዚህ የእርባታ ሳልመን ከሱቅ መግዛት ይሻላል ብለው ይዘጋሉ። በየተራ እንያቸው። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወራትና ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

“የሚያጠምደው ሞተሩ ነው” ከሚለው ልነሳ። ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው እንደዛ ቢመስል አይገርምም። አንድ ሰው የሞተሩን እጀታ ይዞ ተቀምጧል። ዘንጎቹ ከጎንና ከጎን ተተክለዋል። ጀልባዋ ከእግረኛ ብዙም አትፈጥንም። ታዲያ ሥራው የታል?

ሥራው ያለው ከውሃው በታች ነው። ሲያትል አጠገብ ያለውን ሐይቅ፣ ሌክ ዋሽንግተንን እንውሰድ። ርዝመቱ ከ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ 65 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ላዩ ይሞቃል፣ ታቹ እንደቀዘቀዘ ይቆያል፣ በመሃል ሙቀቱ ድንገት ዝቅ የሚልበት ወሰን አለ። ትራውትና ሳልመን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ውሃ ይስማማቸዋል። ከዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ በአንድ የበጋ ቀን አሳው የሚውልበት የጥቂት ሜትር ንብርብር ናት። ማባበያው ከሷ በላይ ወይም በታች ካለፈ ቀኑን ሙሉ ቢጎተት ለውጥ የለውም። ማለዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብርሃኑ ገና ደካማ ስለሆነ አሳው ወደ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይወርዳል። አጥማጁም አብሮት መውረድ አለበት።

ፍጥነቱም እንደዚሁ ነው። ከሳልመን ዓይነቶች ፒንክ የሚባለው ዝግ ያለ ነገር ይወዳል። ኮሆ ፈጣኑን ያሳድዳል። ቺኑክ ከሁለቱ መሃል ነው፣ ቀኑን አይቶ ይለዋወጣል። ትንሽ ፍጥነት ሲጨመር ማባበያው የሚወዛወዝበት መንገድ ይቀየራል፣ ከተወሰነ በላይ ሲሆን ደግሞ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከመጀመሩ በፊት ማባበያውን ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ አስገብቶ አካሄዱን በዓይኑ ያያል። ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ አሳ ለማባበያ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንገቱን በሰያፍ ይቆርጠዋል። የቢላው አቅጣጫ ትንሽ ከተቀየረ አሳው ውሃ ውስጥ የሚገለባበጥበት ፍጥነት ይቀየራል። ይሄን ሞተሩ አይሠራውም።

አሁን ደግሞ ወደ ባህሩ፣ ወደ ፑጀት ሳውንድ እንሂድ። እዚያ ውሃው ራሱ ይንቀሳቀሳል። የባህሩ ሙላትና ጉድለት በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ጂፒኤሱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ነው ይልሃል። ነገር ግን ጅረቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ከኋላ እየገፋህ ከሆነ ማባበያህ ውሃውን የሚቀዝፈው በ2 ብቻ ነው። ዞረህ ፊት ለፊት ብትመጣበት ደግሞ ያው ጂፒኤስ 4 እያለህ ማባበያህ በ6 ይሮጣል። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ ለአሳው ግን ሁሉ ነገር ተለውጧል። ይሄን የሚያነበው ሰው ነው፤ በክሩ ማዘንበል፣ በዘንጉ ጫፍ መርገብገብ። ፖይንት ኖ ፖይንት ወይም ፖዜሽን ባር የሚባሉት የማጥመጃ ቦታዎች ላይ አንዱ ጀልባ እየያዘ አጠገቡ ያለው ባዶውን የሚውልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ጥሩ አጥማጅ ቀጥ ብሎ አይነዳም። እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ በቀኝ በኩል ያለው ማባበያ ይዘገይና ይሰምጣል፣ የግራው ይፈጥንና ከፍ ይላል። አሳው በመታጠፊያው ላይ የግራውን ከመታ ዛሬ ፈጠን ያለ ወይም ከፍ ያለ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። የቀኙን ከመታ ተቃራኒው ነው። እያንዳንዷ መታጠፊያ አሳውን የምትጠይቅበት ጥያቄ ናት። ጸሐፊው ዝም ብሎ መቀመጥ ያሉት ነገር ውስጡ ይሄን ያህል ሥራ አለው።

ደግሞስ ሞተሩ ነው የሚያጠምደው ከተባለ ስለ ታይ ክለብ ምን ሊባል ነው? በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካምቤል ሪቨር ውስጥ በ1924 የተመሠረተ ክለብ ነው። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ቺኑክ መያዝ አለበት። የሚይዘው በመቅዘፊያ ከሚሄድ ትንሽ ጀልባ ሆኖ ነው። ሞተር አይፈቀድም። ክሩም ቀጭን ነው፣ ማባበያውም ሰው ሠራሽ። 30 ፓውንድ ከ13 ኪሎ በላይ ነው። አንዱ እየቀዘፈ ሌላው ዘንግ ይዞ፣ ከመቶ ዓመት በላይ እንደዚሁ ሲደረግ ኖሯል። ይሄ ንጹሕ ትሮሊንግ ነው፣ ሞተር ግን የለውም።

ሁለተኛው ነጥብ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ቺኑክ 30 እና 40 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሲውል ዳውንሪገር ያለው ሰው ይበልጣል። ከባድ የእርሳስ ኳስ በሽቦ አውርዶ ክሩን የተፈለገው ጥልቀት ላይ ያቆምለታል፣ አሳው ሲነክስ ክሩ ከኳሱ ይላቀቃል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ውድ ነው። ቢሆንም በእጅ የሚዞር ዓይነትም አለ፣ በትንሽ ጀልባ ጠርዝ ላይ ይታሰራል።

ሁሉም አሳ ግን ጥልቅ ውስጥ አይደለም። በሌክ ዋሽንግተን ከትስሮት ትራውት በቀዝቃዛው ወራት ከላይ አካባቢ ይገኛል። ፒንክ ሳልመን በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት፣ ለምሳሌ በ2023 እና በ2025፣ ወደ ፑጀት ሳውንድ በብዛት ይመጣል፤ ብዙ ጥልቀትም አያስፈልገውም። ነጭ ፍላሸር (አሳውን የሚስብ የሚያብለጨልጭ ዝርግ ነገር) እና ከኋላው ትንሽ ሮዝ ስኩዊድ መሳይ ማባበያ ይበቃዋል። ኮሆም ማለዳ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ለእነዚህ ትንሽ የእርሳስ ክብደት፣ ወይም ወደ ታች የሚጠልቅ ሳህን መሳይ ፕላስቲክ፣ ወይም ውስጡ እርሳስ ያለበት ክር ይበቃል። እርሳስ ያለበት ክር በየ10 ያርዱ ቀለሙን ይቀይራል። ስንት ቀለም እንደለቀቅህ ቆጥረህ ጥልቀትህን ትገምታለህ። ባትሪም ስክሪንም አይፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ነገር አለ። ትልቅ ጀልባ ለትሮሊንግ ችግር አለበት። ትልቁ ሞተር የመጨረሻ ዝግታው እንኳን ለአሳው ሊበዛ ይችላል። ለዚህ ነው ባለ ትልቅ ጀልባዎቹ ከዋናው ሞተር ጎን ሁለተኛ ትንሽ ሞተር የሚሰቅሉት፤ ብዙ ጊዜ 9.9 የፈረስ ጉልበት ነው። አንዳንዶቹ ጀልባው እንዲዘገይላቸው ከኋላ ውሃ የሚይዝ የሸራ ከረጢት ይጎትታሉ። ገንዘብ አውጥተው የሚፈልጉት ያንን ትንሿ ጀልባ በተፈጥሮዋ ያላትን ዝግታ ነው። ባለ 4 ሜትር የአሉሚኒየም ጀልባ ከትንሽ ሞተር ጋር ለዚህ ሥራ ተስማሚ ናት። ለመረጃ ያህል፣ በዋሽንግተን ግዛት የጀልባ ነጂ ትምህርት ካርድ የሚጠየቀው ሞተሩ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ትምህርቱን ግን ግዴታ ባይሆንም እንድትወስዱት እመክራለሁ።

የኛ ባህል አይደለም ለሚለው ብዙ መናገር አልፈልግም። ጣና ላይ በታንኳ ተሳፍሮ አሳ የሚያጠምድ ሰው ከጥንት ጀምሮ አለ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጠዋት የደረሰ ሰው ጀልባዎቹን ያውቃቸዋል። ዝዋይም፣ አርባ ምንጭም እንደዚሁ። ትራውት ራሱ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ውስጥ ወብና ዳንካ ወንዞች ላይ ይኖራል። የደጋ ሰው ከአሳ ጋር እምብዛም ነው ቢሉ እሺ። ግን ሰው የሚኖርበትን ውሃ ይማራል፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አደጋው ልምጣ። ከጽሑፉ በጣም የማከብረው ይሄን ክፍል ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ቀልድ አይደለም። የፑጀት ሳውንድ ዋናው ክፍል ክረምት ከበጋ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። በነሐሴ ፀሐይ ቆዳህን እያቃጠለችህ ታችህ ያለው ውሃ ግን ያው ነው። በዋና ጎበዝ መሆንም ብዙ አያድንም።

እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ እውነተኛ ታሪክ እኔ ልጨምርላቸው። ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ኮሆ ሳልመን የተጨመረው በ1966 ነበር። በዓመቱ አሳው አድጎ ሲመለስ የአገሩ ሰው በአሳው ፍቅር አበደ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ፕላት ቤይ አካባቢ ወጡ። መስከረም 23 ቀን 1967 ማዕበል ተነሣ። የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር፣ ብዙዎቹ ግን አልሰሙትም። 7 ሰዎች ሞቱ። ለትንሽ ጀልባ ትሮሊንግ የምሟገት ሰው ይሄን መደበቅ የለብኝም።

ግን ታሪኩ የሚለውን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጀልባዎቹ ትንሽ መሆናቸው ብቻ አልነበረም ችግሩ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ነፋስ፣ ያን ያህል ርቀው መውጣታቸው ነበር። ያው ጀልባ ያው ቦታ ላይ በተረጋጋ ቀን በሰላም ገብቶ ይወጣል። ጸሐፊው “ትንሽ ጀልባ” እና “መጥፎ ቀን” የሚባሉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርገው ነው የፈረዱት።

ስለ ሞት መንገዱም የጻፉት ትንሽ መስተካከል አለበት። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ በደቂቃዎች ውስጥ በቅዝቃዜ ደርቆ ይሞታል ብለዋል። በቀዝቃዛ ውሃ የደኅንነት ትምህርት ውስጥ 1-10-1 የሚባል መመሪያ አለ። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽህን የማትቆጣጠርበት ነው። ድንጋጤው አፍህን ያስከፍትሃል፣ ውሃ ትስባለህ። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግርህ ይታዘዙልሃል። ከቅዝቃዜ ብዛት ራስህን እስክትስት ግን ወደ 1 ሰዓት ገደማ አለህ። ስለዚህ ብዙውን ሰው የሚገድለው ቅዝቃዜው ሰውነቱን ስለጨረሰው አይደለም፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚሰምጥ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በቅዝቃዜ ከሆነ መፍትሔ የለውም፣ በመስመጥ ከሆነ ግን መፍትሔው ላይፍ ጃኬት ነው። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ላይ በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት 10 ሰዎች ከ8 በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ላይፍ ጃኬት ለእነሱ አልሆነም። የሚለበሰው ከወደቡ ሳይወጣ ነው። በዚህ ግዛት ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው ሲጓዝ መልበሱ የሕግ ግዴታ ነው። እኔ ብሆን ለአዋቂውም ያው ነው የምለው።

ትሮሊንግ የራሱ የሆኑ አደጋዎችም አሉት። ጸሐፊው ስለ ማዕበል ሲጽፉ እነዚህን አላነሷቸውም። የዳውንሪገሩ ኳስ ወለል ላይ ካለ ድንጋይ ጋር ከተያያዘና ጅረቱ ብርቱ ከሆነ ሽቦው የጀልባዋን ኋላ ወደ ታች ሊጎትት ይችላል። ያኔ መጎተት አያስፈልግም፣ ሽቦውን መቁረጥ ነው። መቁረጫው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። አሳ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ለማየት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ጀልባዋም ታዘነብላለች። አንድ ሰው ዘንግ ይዞ፣ አንዱ መረብ ይዞ፣ ሌላው ተቀምጦ ይቆይ። ክርም ከሞተሩ ፕሮፔለር ጋር ይጠመጠማል። ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ አይገባም።

የት እንደሚጀመርም አብሮ መነገር አለበት። ጀማሪ ሰው ሰፊው ባህር ላይ ምን አስሄደው? ሬይኒየር ቫሊ ለሚኖር ሰው አትላንቲክ ሲቲ የሚባለው የጀልባ ማውረጃ ቅርብ ነው፣ ሐይቁ ላይ ያደርሳል። ሐይቁም ቢሆን የደቡብ ነፋስ በርዝመቱ ሲነፍስበት ይናወጣል። ተንሳፋፊዎቹ ድልድዮች ግን ማዕበሉን ስለሚሰብሩት በስተ ሰሜን በኩል ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ነው። ከዳር ሳይርቁ፣ ማለዳ ወጥቶ ነፋስ ሳይነሳ መመለስ ይቻላል። ለአንድ የቤተሰብ ሰው የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። ይሄ ሁሉ ከባድ ነገር አይደለም። ሰውን አስፈራርቶ ከማስቀረት አስተምሮ ማውጣት ይሻላል። ምክንያቱም የሚወጣው ሰው ጽሑፉን አንብቦም ይወጣል።

የተበከለ ነው ለሚለው፣ ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ያለፈ ታሪክ ነው። ሌክ ዋሽንግተን በ1950ዎቹ በፍሳሽ ምክንያት ክፉኛ ተበክሎ ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ደብሊው ቲ ኤድመንድሰን ችግሩን አጥንተው ለሕዝብ አሳወቁ። ሕዝቡ በ1958 ድምፅ ሰጥቶ የፍሳሽ ሥርዓቱን የሚመራ ተቋም አቋቋመ። ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ፤ ውሃውም ጠራ። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ሐይቅ ማገገም ሲወራ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

የቀረ ነገር ግን አለ። ፒሲቢ የሚባለው አሮጌ ኬሚካል አሁንም በአንዳንድ አሳዎች ሥጋ ውስጥ አለ። የግዛቱ የጤና መምሪያ ዝርዝር ምክር ያወጣል። ፑጀት ሳውንድ ውስጥ የተያዘ ቺኑክ በሳምንት 1 ጊዜ፣ ክረምቱን እዚያው የሚያሳልፈው ብላክማውዝ የሚባለው ቺኑክ ደግሞ በወር 2 ጊዜ እንዲበላ ይመክራል። ኮሆ፣ ፒንክ፣ ቸምና ሶካይ የሚባሉት የሳልመን ዓይነቶች በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ቢበሉ ችግር የለውም ይላል። ከሌክ ዋሽንግተን ከትስሮትን በልክ ብሉ፣ ካርፕንና ፓይክሚኖውን ጨርሶ አትብሉ ይላል። ልብ በሉ፣ መምሪያው በየዝርያው ለይቶ ነው የተናገረው። ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨምረውታል። ፒሲቢ ስብ ውስጥ ስለሚከማች ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ስብ ማንሳት መጠኑን ይቀንሰዋል። ነፍሰ ጡር እህቶችና ሕፃናት ያሉበት ቤት የመምሪያውን ዝርዝር አይቶ ይብላ። ኮሆ ግን አዋዜ ተቀብቶ ሲጠበስ ልጆቻችሁን የምትከለክሉበት ምክንያት የለም።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። ሳልመን እያለቀ ነው ያሉት እውነት ነው። የፑጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999 ጀምሮ ሕግ በሚጠብቃቸው ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ነው። ሌክ ዋሽንግተን ላይ ሶካይ ማጥመድ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈቀደው በ2006 ነበር። እነዚህ የሚያሳዝኑ ነገሮች ናቸው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልባችን አንድ ነው።

የማልስማማው ጥፋተኛው ላይ ነው። አንደኛ፣ ትሮሊንግን ባሕሩ ወለል ላይ መረብ እየጎተቱ ያገኙትን ሁሉ ከሚጠርጉት መርከቦች ጋር ቀላቅለውታል። እኛ የምንጎትተው አንድ ክርና አንድ መንጠቆ ነው። ወለል አይጠርግም፣ አንድ በአንድ ነው የሚይዘው። አላስካ ውስጥ በዚሁ ዘዴ የሚተዳደሩ ትንንሽ የንግድ ጀልባዎች አሉ። አሳቸው በጥራቱ የሚፈለገው እያንዳንዱ ለብቻው ተይዞ፣ ወዲያው ደሙ ፈሶ፣ በረዶ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚለቀቀው አሳ ሁሉ ይሞታል ማለት ልክ አይደለም። የተወሰነው ይሞታል፣ አልክድም። የአሳ ሀብት አስተዳዳሪዎቹም ያውቁታል። በየዓመቱ በጸደይ ግዛቱና የነባር ሕዝቦች ጎሳዎች ተቀምጠው የማጥመጃ ወቅቱን ሲወስኑ ከተለቀቁት ውስጥ ይሞታል ተብሎ የሚታሰበው አብሮ ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲሞላ ወቅቱ ቀድሞ ይዘጋል። ሁሉም የሚሞት ቢሆን ኖሮ ይሄ ስሌት ባላስፈለገ ነበር።

ስንቱ እንደሚተርፍ ደግሞ አብዛኛው በአጥማጁ እጅ ነው። በመፈልፈያ ጣቢያ ያደገው ሳልመን ከጅራቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ተቆርጣ ምልክት ይደረግበታል። ክንፏ ካለች አሳው እንደ ዱር ይቆጠራል። በፑጀት ሳውንድ አብዛኛው ቦታ የዱር ቺኑክ ይለቀቃል። ሕጉ ጥርስ የሌለው ባለ አንድ ጫፍ መንጠቆ ያዝዛል፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይወጣል። መያዝ የማይፈቀደውን ሳልመን ጀልባ ውስጥ ማስገባትም ክልክል ነው። እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ መረብ ሳይነካው፣ መንጠቆው በመቆንጠጫ ይወጣል። ቅርፊቱ አይረግፍም፣ አየር ላይ አይታፈንም። እዚህ ላይ ትንሿ ጀልባ ጠርዟ ለውሃው ቅርብ ስለሆነ ከትልቁ ትሻላለች። ጎንበስ ብሎ መልቀቅ ይቻላል።

ኦርካ የሚባሉትን ትልልቅ የባህር እንስሳትም ጸሐፊው አንስተዋል። ልክ ናቸው፣ የደቡብ ነዋሪ የሚባሉት ኦርካዎች ዋና ምግባቸው ቺኑክ ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በዚህ ግዛት ማንኛውም ጀልባ ከእነሱ 1,000 ያርድ መራቅ አለበት። ክር ውሃ ውስጥ ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም። ካያችኋቸው ክራችሁን ሰብስቡና ዞር በሉ።

ግን ሳልመኑን የሚጨርሰው መንጠቆ ነው ብሎ ማቆም ትልቁን ነገር መዝለል ነው። በዚህ ከተማ ጅረቶች ኮሆ ከባህር ተመልሶ እንቁላሉን ሳይጥል ሲሞት ለዓመታት ታይቷል። የዋሽንግተን ተመራማሪዎች በ2020 መጨረሻ ምክንያቱን ይፋ አደረጉ። የመኪና ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመር 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። ከአየር ውስጥ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ነገር ይቀየራል። ዝናብ ከመንገዱ አጥቦት ጅረት ሲገባ ኮሆን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ብዙዎቻችን በዚህ ከተማ የምንተዳደረው መኪና እየነዳን ነው። ጎማ የማይነካው ሰው የለም። እንጀራን መተው አይቻልም፣ እኔም እሱን አልልም። ደስ የሚለው ነገር የመንገዱ ውሃ በአፈርና በተብላላ ቅጠል ውስጥ ተጣርቶ ሲያልፍ መርዙ ይቀራል። ስለዚህ በየሠፈራችሁ የዝናብ ውሃ ማጣሪያ ሲተከል ደግፉ። ለኮሆው ከአንድ ሰው ዘንግ ማስቀመጥ ይልቅ ይሄ ብዙ ይጠቅመዋል።

የእርባታ ሳልመን ከሱቅ ግዙ የሚለው ምክር ደግሞ እዚሁ የሆነውን የረሳ ነው። በነሐሴ 2017 ሳይፕረስ ደሴት አጠገብ የነበረ የእርባታ መረብ ፈረሰ። ከ200 ሺህ በላይ የአትላንቲክ ሳልመን ወደ ፑጀት ሳውንድ አመለጠ። ያ ዝርያ የዚህ ባህር አይደለም። በማግስቱ ዓመት ግዛቱ የውጭ ዝርያዎችን ባህር ውስጥ በመረብ ማርባት እንዲቀር ሕግ አወጣ። የእርባታ አሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አልልም፣ በየብስ ላይ በገንዳ የሚያድግም አለ። ግን ለዱር አሳው አስቦ ወደ እርባታ መሸሽ በራሱ ንጹሕ ምርጫ ነው ማለት አይቻልም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፣ ወደፊትም ይደርሳል። ስለ ቀዝቃዛው ውሃ የጻፉት እንዳለ ይቆይ። ከሥሩ ግን ሁለት አረፍተ ነገር ቢጨምሩልን፦ ላይፍ ጃኬት ከወደብ ሳይወጣ ይለበስ፣ ክንፏ ያልተቆረጠች ቺኑክ ከውሃ ሳትወጣ ትለቀቅ። ምክርዎን ሰምቶ የሚቀር ሰው በነዚህ ምንም አይጎዳም። ለሚወጣው ግን ያስፈልጉታል።